ምንም አልጎደለብንም ያልኩበት ቀን

ሠርጌ ላይ የለበስኩት ጥቁር ሙሉ ልብስ አሁንም በዚህ ዓረብ አገር፣ መንሱራ ሰፈር ባለችው ክፍላችን፣ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ለሰው ልትሰጠው ብላ ከረጢት ውስጥ ከታዋለች፤ ሁለት ጊዜም እኔው አውጥቼ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ከሠርጌ በኋላ ያን ልብስ የለበስኩበትን ቀን መርሳት ስለማልፈልግ ይመስለኛል።

የምሠራው አየር ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ ወረቀትና ዕቃ ማስተያየት ነው። ካርቶኑ ላይ ጨርቅ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ ሽቶ ከተገኘ ጭነቱን አስቆማለሁ፤ ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢምል፣ ቢገዘት አልሰማውም። በዚህ ጠባዬ አለቆቼ ይወዱኛል፣ ላኪዎቹ ይረግሙኛል። የሰው ወረቀት ሲያገላብጥ ዓመታት የኖረ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ በገዛ ልጄ ወረቀት ላይ ውሸት ያስጻፍኩት።

ልጃችን አምስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ እግሯ ይበልዝ ጀመር። ከአልጋ ወድቃ ነው አልን፤ ቀጥሎ ከልጆች ጋር ተጋፍታ ነው አልን። ድዷ መድማት ሲጀምር ነው ወደ ሆስፒታል የሮጥነው። የደም ካንሰር ነው አሉን። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ የመዳን ዕድሏ ጥሩ መሆኑን፣ ሕክምናው ግን ረጅም እንደሆነ ነገረን። ከዚያ በኋላ የተናገረውን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«መድኃኒቱ በሽታውን ሲገድል የሰውነቷን መከላከያም አብሮ ይገድላል» አለ። «በዚያ ጊዜ ትንሽ ሕመም የሚባል ነገር የለም። ብርድ ብርድ ቢላት፣ ሆዷን ቢቆርጣት፣ በሰዓቱ መስማት አለብን። ጠባይዋን የሚያውቅ ሰው ከአጠገቧ አይለይ።»

ጠባይዋን የምታውቀው እናቷ ናት። ልጃችን ሲያማት አታለቅስም። ዝም ትልና የግራ ጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ታሻሻለች። ይህን እኔ እንኳ ያወቅሁት ከእናቷ ነው። ስለዚህ ከአልጋው አጠገብ መቀመጥ ያለበት ማን እንደሆነ አላከራከረንም።

ችግሩ ባለቤቴ ሠራተኛ መሆኗ ነበር። አል ቱማማ ሰፈር በሚገኝ አንድ የሕፃናት ማቆያ የሰው ልጆች ታበላለች፣ ታስተኛለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች። የዓመት ፈቃዷን ጨረሰች፤ ያለ ደመወዝ የተሰጣትንም ጨረሰች። ከዚያ ኃላፊዋ ደውላ «ሐቢብቲ፣ ወይ ነይ፣ ወይ ሌላ ሰው ልቅጠር» አለቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እሷም ቤቱን ማስኬድ አለባት። የእኔ ደመወዝ ደግሞ ኪራዩን ከፍሎ በመድኃኒቱ የሚደርስብንን ድርሻ ሲሸፍን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። እሷ ሥራ ካቆመች ከክፍሏ እንወጣለን፤ ካላቆመች ልጅቷ ብቻዋን ትውላለች። ከዚህ ሌላ ምርጫ አልነበረንም።

መንገዱን ያሳየችን አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ናት። ሲስተር ነው የምንላት። እንደኛ ላለ ቤተሰብ የሚሆን ገንዘብ ሆስፒታሉ ውስጥ እንዳለ፣ ከታመመ ልጅ አጠገብ ለሚቀመጥ ወላጅ የሚቀርበትን ደመወዝ እንደሚተካ፣ ለመመላለሻና ለምግብም እንደሚሰጥ ነገረችን። «ሶሻል ወርከሯን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋን አነጋግሩ፤ ጥሩ ሰው ናት። ያለውን ብቻ ንገሯት» አለች። ባለቤቴ የሲስተርን እጅ ይዛ ሳመችው። ከታመመችብን ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ልጅቷ በሁለት ሕክምና መካከል ለጥቂት ቀናት ወደ ቤት ተለቃ ስለነበር አብራን ትሄዳለች። ባለቤቴ ቤት በምትውልበት ቀሚስ ላይ ሹራብ ደርባ ተዘጋጅታለች። እኔ የሠርግ ሙሉ ልብሴን አስተኩሼ ለብሼ ቆይቻለሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ።

«ቢሮ ነው የምንሄደው። ሰው ፊት ነው የምንቀርበው።»

«እርዳታ እኮ ነው የምንጠይቀው። ሽማግሌ ልትላክ ነው እንዴ?»

«ብንቸገርም ለማኝ አይደለንም። ደህና ነገር ልበሺ፣ ያላ፣ ሰዓቱ ደርሷል!»

ለበሰች። እኔ ስቆጣ ለነገሩ ሳይሆን ለጎረቤት ጆሮ ብላ ዝም ትላለች። በር ላይ ያገኘችን የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ያገራችን ልጅ ናት፣ ባለቤቴን አየቻትና የአንገት ወርቋን አውልቃ «ባዶ አንገትሽን ቢሮ አትግቢ» ብላ አጠለቀችላት። እኔም አመሰገንኳት። በሜትሮ መሄድ ስንችል፣ የአውሮፕላን ጥገና ኢንጂነር የሆነ ወዳጄን ለምኜ በአዲሱ መኪናው ሆስፒታሉ በር ላይ እንዲያወርደን አደረግሁ። አሁን ሳስበው ከእርዳታ ጠያቂ ይልቅ እርዳታ ሊሰጥ የመጣ ሰው ነበር የምመስለው። ልጅቷ ብቻ እንደወትሮዋ ናት፤ ያለቀውን ፀጉሯን የሚሸፍን ቢጫ ኮፍያ፣ የጠበበና ተረከዙን የምትረግጠው ጫማ።

ሶሻል ወርከሯ ሱዳናዊት ናት። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ስትናገር ለሰው ጆሮ የምትሳሳ ትመስላለች። ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ግማሽ በአረብኛ ነበር የምንግባባው። ስንቀመጥ «ሻይ ላስመጣ?» አለችን። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። እሷም እሺ ብላ ወረቀቷን አወጣች። እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ።

«ኑሮ እንዴት ነው? የቤት ኪራዩን ትችሉታላችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«የእናትየዋ ሥራስ? ፈቃዷ አልቋል ይላል።»

«ይስተካከላል፣ ኢንሻአላህ።»

«ለመመላለሻስ?»

«ጓደኞች አሉን።»

የባለቤቴ እግር በጠረጴዛው ሥር የእኔን ረገጠው። እግሬን ሰበሰብኩ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፊት ለፊት አየችኝ።

«እንግዲያው በአሁኑ ሰዓት የገንዘብ ድጋፍ ያስፈልጋችኋል?»

ያገሬ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሆንኩ ይገባዋል። ሰው ቤት ሄደን «ብሉ» ስንባል «በልተን ነው የመጣነው» እንላለን። አንጀታችን ቢጮህም እንላለን። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል፣ አንዴም ሁለቴም ሦስቴም ይለምናል፤ እንግዳውም «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ለመታጠብ ይነሳል። በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ፣ ርቦኛል» የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። እኔ ደግሞ በጥሩ ቤት ነው ያደግሁት። መምጣታችን ራሱ ልመና ነው፣ የቀረውን እሷው ጎትታ ታወጣዋለች ብዬ አሰብኩ።

«አይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም» አልኩ። «እናንተንም ላለማስቸገር ነው።»

ይህን ብዬ በሞቴን ጠበቅሁ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ «አንቺስ የምትጨምሪው ነገር አለ?» አለቻት። ባለቤቴ አየችኝ። እኔም አየኋት፤ እንዴት አድርጌ እንዳየኋት አሁን ሳስታውስ ፊቴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኛል። ሰው ፊት የባሏን ቃል የምታፈርስ ሴት አይደለችም።

«እሱ እንዳለው ነው» አለች።

ሴትዮዋ ጻፈች። «ሁኔታችሁ ከተቀየረ በሬ ክፍት ነው» ብላ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችን። ስንወጣ ሌላ ቤተሰብ ተነስቶ ገባ፤ ከኋላቸውም ብዙ ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ እጄን ጎተተችው።

«አባዬ፣ እማዬ ትናንት ገንዘብ የለንም ብላ አልቅሳ የለ እንዴ? አንተ ለምን አልጎደለብንም አልክ?»

ተንበረከኩላት። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር፤ እሷንም ልመልስላት ፈልጌ መሰለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

«የኔ እናት፣ ሰው ፊት ቸግሮኛል፣ አሞኛል አይባልም። ሲጠይቁሽ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትያለሽ። ጨዋ ልጅ እንደዚያ ነው የምትለው።»

«እሺ» አለች። አንዴ የተነገራትን የማትረሳ ልጅ ነበረች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በስልኬ መልእክት መጣ፤ ቤተሰቡ ለጊዜው ድጋፍ እንደማያስፈልገው በመግለጹ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። ባለቤቴ አነበበችው። አልጮኸችም። ወርቁን በመሐረብ ጠቅልላ ለጎረቤታችን ልትመልስ ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች።

«ኸላስ፣ በቃ» አለችኝ። «እኔ እሑድ ሥራ እገባለሁ። ልጅህን አንተ በሙሉ ልብስህ ጠብቃት።»

በማግስቱ ተመልሼ መሄድ እችል ነበር። በሬ ክፍት ነው ብላናለች እኮ። ግን ትናንት ምንም አልጎደለብኝም ያለ ሰው ዛሬ በየትኛው ዓይኑ ይመለሳል? ዓይኔን በጨው ማጠብ አቃተኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ገንዘብ አዋጥተው በፖስታ ሲያመጡልኝም «ከእኔ ለባሰበት ስጡት» ብዬ መለስኩላቸው። ከእኔ የባሰበት ማን እንደነበረ እንጃ።

ቀጣዩ ሕክምና ተጀመረና ልጅቷ እንደገና ተኛች። እኔ የከሰዓት ሺፍት ሲደርሰኝ ጠዋት እኔ እቀመጣለሁ፤ የጠዋት ሺፍት ሲደርሰኝ ግን እናቷ ከሥራ ወጥታ፣ ሜትሮ ይዛ እስክትደርስ ድረስ ልጃችን ከነርሶቹ ጋር ብቻዋን ናት። ባለቤቴ በዚያን ሰዓት አል ቱማማ የሰው ልጅ እሹሩሩ ትላለች። አንድ ቀን እዚያ አንዲት ሕፃን ጆሮዋን ስትነካ አይታ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ እንዳለቀሰች ኋላ ነው የነገረችኝ።

አልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ላይ ፊቶች የተሳሉበት ወረቀት ተለጥፏል። የመጀመሪያው ይስቃል፣ እየቆየ ይኮሳተራል፣ የመጨረሻው ያለቅሳል። ሕፃናት ሕመማቸውን በጣታቸው እንዲያሳዩ ነው። ሲስተር በየጊዜው እየመጣች ከእኛ በተማረችው አማርኛ «ደህና?» ትላታለች። ልጄ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትልና የሚስቀውን ፊት ትነካለች። ሲስተር ትስቅና ዜሮ ብላ ትጽፋለች። ነርሶቹ ሁሉ ወደዷት። «እንደዚች ያለች ልጅ አይተን አናውቅም፤ አታማርርም» ይሉኛል። እኔም የጨዋ ልጅ አባት ነኝና ደረቴን እነፋ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ዕለት የጠዋት ሺፍት ላይ ነበርኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ጭነት መሐል ቆሜ ሳለ ባለቤቴ ደወለች። መጀመሪያ የምትለው አልተሰማኝም። ከዚያ «ጆሮዋ፣ ጆሮዋ ተልጧል» ስትል ሰማኋት።

ያየችውን ኋላ ነገረችኝ። ልጅቷ በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጥፋ፣ ታብሌቷ ላይ ካርቱን ከፍታለች፤ ግን አታይም። የግራ እጇ ጆሮዋ ላይ ነው። ጫፉ ከመታሸት ብዛት ቀልቶ፣ ቆዳው ተልጦ ደም አቅርሯል። ባለቤቴ ሆዷን ስትነካው ደርቋል። ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት ፎቁ ሁሉ ሰምቶታል።

በሥራ ልብሴ፣ ቢጫ ሰደሪያዬን እንኳ ሳላወልቅ ደረስኩ። ኢንፌክሽኑ ከአንጀቷ ተነስቶ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሊወስዷት አልጋውን እየነቀሉ ሳለ ያ ረጋ ያለው ሐኪም አጎንብሶ ሕመሙ መቼ እንደጀመራት እንድንጠይቃት ነገረን።

«የኔ እናት፣ ሆድሽን ያመመሽ መቼ ነው?» አለቻት እናቷ።

«እማዬ፣ ሥራ የሄድሽ ቀን።»

«ዛሬ ጠዋት?»

«ትናንት። ከትናንት በፊትም። አንቺ ስትመጪ ግን ይተወኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለሲስተር አልነገርሻትም?»

ልጄ ዓይኗን ከእናቷ አንስታ ወደ እኔ መለሰች። ተሳስታ እንደሆነ ልትጠይቀኝ የፈለገች ትመስል ነበር።

«ሰው ፊት አሞኛል አይባልማ» አለች።

ሐኪሙ ምን እንዳለች ጠየቀ። የተረጎምኩለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሶሻል ወርከሯ በር ላይ ነበርኩ። ያው የሥራ ልብስ፣ ያው አቧራ። ወንበር ሳትሰጠኝ ተናገርኩ፤ የሚወጣው በአረብኛ ይሁን በእንግሊዝኛ አላውቅም።

«ማፊ ፍሉስ። ገንዘብ የለኝም። ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ። ኪራይ አልከፈልኩም። ሚስቴ ከልጄ አጠገብ መቀመጥ አለባት። እባክሽ እህቴ።»

አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም። ይህችን ለማለት ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ያቃተኝ።

ሴትዮዋ ፋይሉን ከፍታ የጻፈችውን አነበበች። ልጄ የት እንዳለች ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«የልጅቷን ጫማ አይቼ ነበር» አለችኝ ቆይታ። «ወርቁንም ልብሱንም አየሁ፣ ጫማውንም አየሁ። እኛም አገር እንግዳ ሦስት ጊዜ ይለመናል። ግን እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ የምጽፈው ሰው በአፉ ያለውን ነው። አንድ ጊዜ ደግሜ ብጠይቅህ ኖሮ…»

«እኔ ነኝ ያላልኩት» አልኳት። ይህ እንኳ እውነት ነው።

ጉዳዩን በእጇ ይዛ እየዞረች በሁለት ቀን ጨረሰችው። ባለቤቴ ሥራዋን ለቀቀች። ሰባት ቀን ከአልጋው አጠገብ አልተነሳችም፤ ምግብም ያመጡላት ነበር፣ መኝታም ሰጧት። መጀመሪያ የጠየቅነው ሁሉ፣ ማለት መጠየቅ የነበረብን ሁሉ፣ ሳይጎድል መጣ። ልጅቷ በማሽን ነበር የምትተነፍሰው፤ እጇ ስለታሰረ ወደ ጆሮዋ አይደርስም። እናቷ የግራ ጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ቁስሉን እየሸሸች፣ ታሻሸው ነበር። በስምንተኛው ቀን ከምሳ በፊት ልጃችን አረፈች።

ሐኪሙ ለብቻዬ ወስዶ አነጋግሮኛል። ቀድመን ብናውቅም ውጤቱ ያው ሊሆን ይችል እንደነበር፣ እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ክፉ እንደሆነ ነገረኝ። ሊሆን ይችላል። ሰውየው ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይሁን እውነቱን ነግሮኝ ይሁን አላወቅሁም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ባረፈች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክፍላችን በሰው ሞልታ ነበር። ፍራሽ መሬት ተነጥፎ፣ ያገራችን ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ኢንጂነሩ አለ፣ የባለወርቋ ጎረቤታችን አለች፣ ፖስታቸውን የመለስኩባቸው ባልደረቦቼም አሉ። ስልኬ ጮኸ። ሱዳናዊቷ ናት። አጽናናችኝ፤ እሷም ታለቅስ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ ሆስፒታሉ አስከሬን ወደ አገር ለማድረስ ሊያግዝ እንደሚችል ነገረችኝ።

«የሚያስፈልጋችሁ ነገር አለ?» አለች። ቀጠለችና «በአላህ ይዤሃለሁ፣ አለ?» አለች።

ለመነችኝ። የዚያን ቀን የጠበቅሁት በሞቴ ይኸው መጣ። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«አይ» ስል ራሴን ሰማሁት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም…»

ባለቤቴ ከፍራሹ ላይ ተነሳች። በሰው እግር መሐል ተሻግራ መጣችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አዎ፣ እህቴ» አለች፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ። «ልጃችንን አገሯ ወስደን መቅበር እንፈልጋለን። ገንዘብ የለንም።»